ከመኪና ጋር ሊያስታርቁኝ የመጡ ሽማግሌዎች

በሰው አገር፣ ኒድ በሚባለው ሰፈር በሚገኘው ጋራዥ ሥራ በጀመርኩበት ቀን ጀርመናዊው ማይስተር፣ የጋራዡ አለቃ ክላውስ፣ መፍቻ አላስጨበጠኝም። ሊሸጥ የመጣ መኪና ኮፈን ላይ እጄን እንዳሳርፍ አዘዘኝ። "ሞቋል" አልኩት። "ሻጩ እዚህ ከማድረሱ በፊት ለምን አሞቀው?" አለኝ። መልሱንም ራሱ ነገረኝ። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ ሕመሙን ይናገራል፤ ሰውየው ያንን እንዳንሰማ ነው ያሞቀው። አዲስ አበባ ስድስት ዓመት መካኒክ ነበርኩና ኩራቴ ትንሽ ተነካ።

ከዚያ በኋላ ሃያ ሰባት ዓመት ሞተር ሳዳምጥ ኖርኩ። የአገሬ ሰው አሮጌ መኪና ሊገዛ ሲል እኔን ሳያስከትል አይሄድም። ምክሬን የሚሰማው ግን ጥቂት ነው። አብዛኛው የሚጠራኝ ቀለሙን ወድዶ፣ በልቡ ገዝቶ ከጨረሰ በኋላ ነው።

ስንዱም ከእነዚህ አንዷ መሰለችኝ። ከከተማው አንድ ዳር፣ ቦናመስ ትኖራለች፤ በሌላው ዳር፣ ኒደርራድ ቢሮ ታጸዳለች። በጸሎት ቤት የምታውቀው ሰው አንዲት ሰማያዊ መኪና በርካሽ ሊሸጥላት ነው። "ትንሽ ትሞቃለች እንጂ ጤነኛ ናት ብሎኛል" አለችኝ። የዘይቱን ክዳን ከፈትኩ። ማኪያቶ የመሰለ አረፋ ተለጥፎበታል። የሞተሩን ራስ የሚያሽገው የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተበልቶ ውሃው ከሞተር ዘይቱ ጋር ተቀላቅሏል። ጥገናው ከመኪናዋ ዋጋ ይበልጣል።

"ተዪው" አልኳት።

"ሌላ የሚሉኝ የለም፣ ጋሽ ደምሴ?"

"የለም።"

ቅዳሜ ሦስት ሽማግሌዎች ሙሉ ልብስ ለብሰው ጋራዡ በር ላይ ቆሙ። ስንዱ ፍርዴን እንዳነሳ ሽማግሌ ልካብኛለች። ወንበር ባቀርብ፣ ቃል አቀባያቸው ጋሽ በቀለ "ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም" አሉ።

"ጋሽ በቀለ፣ እኔ እኮ ከስንዱ ጋር አልተጣላሁም።"

"እናውቃለን። የተጣላኸው ከመኪናዋ ጋር ነው። አንተም ትንሽ ለዘብ በል፣ ሻጩም ትንሽ ይቀንስ።"

"የታረቁትስ ውሃውና ዘይቱ ናቸው። ችግሩም እሱ ነው።"

ክርክሩ አላልቅ ሲል ሻጩን አስፈቅጄ ሦስቱንም በመኪናዋ አሳፈርኳቸው። ሩብ ሰዓት ሳንነዳ የሙቀቱ መርፌ ቀዩን ነካ፤ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ተነሳ። ሽማግሌዎቹ በሙሉ ልብሳቸው እየገፉ ወደ መንገዱ ዳር አወጡልኝ። ጋሽ በቀለ ክራባታቸውን እያላሉ "ይቺንስ ፍቺ ይሻላታል" አሉ።

እየሳቅሁ ለስንዱ ደወልኩላት። እሷ አልሳቀችም።

"መኪናዋን መች ወደድኳት? ጠዋት የምታደርሰኝ ጎረቤቴ ቤት ቀየረች። የመጀመሪያው ባቡር የሚያደርሰኝ ሺሽቴ፣ የሥራ ፈረቃዬ፣ ከተጀመረ በኋላ ነው። አርፍደሻል ተብዬ ሁለት አብማኑንግ፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ፣ ተጽፎብኛል፤ ሦስተኛው ስንብት ነው።"

አፈርኩ። የመኪናዋን ሕመም አንድ በአንድ መርምሬ እሷን አንድ ቃል አልጠየቅኋትም።

የሰማሁትን ለሽማግሌዎቹ ነገርኳቸው። ጋሽ በቀለ ኮታቸውን አራግፈው "መጀመሪያውኑ የተላክነው ወደተሳሳተ ሰው ነው" አሉ። ሰኞ ኒደርራድ፣ የስንዱ አለቃ ቢሮ ሄዱ። አለቃዋ ሦስት ጊዜ ወንበር ጋበዘቻቸው፤ ሦስቴም እምቢ አሉ። ግራ ቢገባት ስንዱን አስጠርታ ነገሩን ጠየቀች፤ ሰማችና የሥራ መግቢያዋን በአንድ ሰዓት አዘገየችላት። ሽማግሌዎቹ ያኔ ተቀመጡ።

ስንዱ ዛሬም በባቡር ነው የምትሄደው፤ ሥራዋም አለ። እኔም ጡረታ እስክወጣ ድረስ ኮፈን ከመክፈቴ በፊት ገዢውን "መኪናው ለምን አስፈለገህ?" ብዬ እጠይቅ ነበር። ከመጡት መካከል ጥቂት የማይባሉት የሚያስፈልጋቸው መኪና አልነበረም።