የመጀመሪያው ገዢ እስኪገባ

ትናንት አመሻሽ ላይ እማዬ የሱቃችንን ቁልፍ አውጥታ ለቋጪያችን ሰጠቻት። ዛሬ ጠዋት ሱቁን የከፈተችው እሷ ናት። ደስታዬ አላስቀምጥ ስላለኝ እዚሁ የጋቢ ክምር ላይ ተቀምጬ እጽፋለሁ።

ሱቃችን ሸማ ተራ ነው። ቋጪያችን የምላት የነጠላውን ጫፍ ክር እየገመደች የምትቋጭልንን ሴት ነው። ልብስ ሰፊው ጋሼ አሉ፣ አንድ ጎበዝ ሻጭ አለ፤ ክረምት ትምህርት ሲዘጋ እኔም እጨመራለሁ።

ሻጩ ለገዢ ማር ነው፣ ለእኛ እሬት። ገበያ በቀዘቀዘ ቁጥር ጥፋተኛ ሳያገኝ ወደ ቤቱ አይሄድም። መጀመሪያ ጋሼን ጎታታ እያለ ሲያሳቅቃቸው ከረመ። ቋጪያችን ከመጣች በኋላ ግን ሁሉን እሷ ላይ አራገፈው። ባሏ የሞተባት ናት፤ ይህችን ይዞ እማዬ ጆሮ ስር ይገባል።

"እትዬ፣ ዛሬ ማን ቀድሞ እንደገባ አይተዋል? ገደ ቢስ እኮ ናት።"

እማዬ በዚህ አላምንም ትላለች። ትላለች እንጂ፣ የጠዋት ገድ የማይፈራ የመርካቶ ነጋዴ ካለ አምጡልኝ። ቀስ በቀስ ተሸነፈች። ቋጪያችን የመጀመሪያው ገዢ ገዝቶ እስኪወጣ ደጅ እንድትቆይ ተባለ። ለጥቂት ቀን ነው የተባለው ክረምቱን ሙሉ ሆነ። የክር ከረጢቷን አቅፋ፣ ዝናቡን በጣሪያው ጠርዝ እየሸሸች ትቆማለች። ጎረቤቶቻችን አወቁ። ጋሼ ቀልዳቸውን ተዉ። እኛም ሰላምታ ስንለዋወጥ እንኳ ሻጩን ሰረቅ አድርገን ማየት ጀመርን፤ ነገ ተራው የማን እንደሆነ ማን ያውቃል?

ሰሞኑን ቋጪያችን ሥራውን ልትተው እንደሆነ በጆሮዬ ነገረችኝ። ልጆቿን የምታሳድገው በጣቶቿ ነው። ሌላ ሱቅ ብትሄድ ደግሞ ያ ስም ቀድሟት ይደርሳል።

ትናንት ጠዋት እማዬ ከፍታ ግቢ ስትለኝ አልገባም አልኩ። ከቋጪያችን ጎን ቆምኩ።

"ምን ሆንሽ አንቺ?" አለች እማዬ።

"እኔም ገደ ቢስ ነኝ። ሰኞ ቀድሜ የገባሁት እኔ ነኝ፣ አንድ ነጠላ አልተሸጠም።"

ሻጩ ሳቀ። "ሚጣ፣ ፊልም አበዛሽ።"

"እሷ ካልገባች አልገባም። የዘመን መለወጫ ገበያም ይለፈን።"

እማዬ በሰው ፊት እንዳላዋርዳት ጥርሷን ነክሳ ተናገረች። አልተነቃነቅሁም። ቋጪያችን ራሷ ለምና ወደ ውስጥ ልትገፋኝ ሞከረች። በዚህ መሃል ጋሼ ደረሱ። የሆነውን ነገርኳቸው። ጃንጥላቸውን ከኛ በላይ ዘርግተው ቆሙና "እኔማ ጎታታ ነኝ፣ አልቸኩልም" አሉ።

ከአብነት ሰፈር የምትመጣ አንዲት ደንበኛችን ደጃፉ ላይ ደርሳ እኛን አየች፣ ወደ ውስጥ አየች፤ ምነው፣ ሐዘን ነው እንዴ ብላ ጠየቀች። ሻጩ ይግቡ እማማ፣ ይግቡ ቢላትም እግሯን አላነሳችም። እማዬ ፊቷ ተለዋወጠ። ወጣችና ከረጢቱን ከቋጪያችን እጅ ተቀበለች።

"ግቢ። ይቅር በይኝ" አለቻት። ከዚያ ወደ ሻጩ ዞረች። "ከእንግዲህ በዚህ ሱቅ ሰውን ገደ ቢስ የሚል፣ ገዱን ይዞ ይሂድ።"

አልተባረረም። ቢባረር ደስ ይለኝ ነበር፣ አልደብቅም። እማዬ ግን አንድ ዕድል ሰጥታዋለች፤ ቁልፉንም ለቋጪያችን የሰጠቻት ሆን ብላ እሱ እያየ ነው። ዛሬ ከሁላችን በኋላ ገብቶ አንገቱን ደፍቶ ጋቢ ያጣጥፋል። ትናንት ገበያው እንዴት ነበር ብላችሁ ግን እንዳትጠይቁኝ፣ አልነግራችሁም። ቢደራም ባይደራም በሷ እግር አይደለም።

እስካሁን የጻፍኩትን ለቋጪያችን አነበብኩላት። ለሚያነቡት አንድ መልእክት አድርሺልኝ አለችኝ። አድርሻለሁ፦ በየትኛውም የሥራ ቦታ ገደ ቢስ ተብላችሁ ደጅ የቆማችሁ፣ ጠዋት ሳንሸጥ ኑ። ባትገዙም ቀድማችሁ ግቡ።