በባልና ሚስት መካከል የገባችው ቁጥር 19

ትናንት ከሰዓት... ሽኩና ዩድ አሌፍ በሚባለው ሰፈር ወዳለው የአዛውንቶች ሞዓዶን፣ ወደ ክበባቸው፣ ጎራ አልኩ። አባላቱን የሚመዘግበውን የኮምፒውተር ፕሮግራም የሠራሁላቸው እኔ ነኝ፤ ያውም በነፃ። በነፃ የሠሩት ነገር ደግሞ ወቀሳው አያልቅም።

ገና በሩ ላይ እማማ ትርንጎ ያዙኝ። አዲሱን የአባልነት ካርዳቸውን አፍንጫዬ ሥር ደቀኑት።

«ነይ እስቲ አንቺ! የባሌ ቁጥር 18፣ የእኔ 20። ተከታትለን ነው የተመዘገብነው። 19 ማን ናት?»

«ማንም የለችም እማማ። ማሕሼቩ፣ ኮምፒውተሩ፣ ነው የዘለለው።»

«እንዲያው ያለ ምክንያት ይዘላል?»

ለካ ሞዓዶኑ ወደ ጥብርያ ከተማ ላዘጋጀው ጉዞ የአውቶቡስ መቀመጫ የሚደለደለው በካርድ ቁጥር ነው የሚል ወሬ ሰምተዋል። «ከባሌ ጎን የምትቀመጠዋን ሳላውቅ ንቅንቅ አልልም!» አሉ። ባላቸው አባባ አለባቸው ማረጋጋት ሲገባቸው ጢማቸውን እያሻሹ ፈገግ ይላሉ። በዚህ ዕድሜ መጠርጠሩ ደስ ብሏቸዋል!

በእኛ ሙያ ይሄ የታወቀ ነው። ምዝገባ ሲጀመር ፕሮግራሙ ራሱ ቁጥር ይሰጣል፤ ምዝገባው ካልተሳካ ቁጥሩ እዚያው ባክኖ ይቀራል፣ ለሌላ ሰው አይሰጥም። ይህንኑ አስረዳኋቸው።

«እሺ፣ ያልተሳካው የማን ነው?» አሉኝ።

ላፕቶፔን ከፍቼ ያልተሳኩትን ምዝገባዎች አየሁ... 19 ራሳቸው እማማ ትርንጎ ናቸው!

ቴዑዳት ዜሁታቸው፣ መታወቂያቸው ላይ፣ የተወለዱበት ቀን 00፣ ወሩም 00 ነው። ከኢትዮጵያ ሲመጡ «ቀኑን አላውቅም» ላሉ ብዙ ሰዎች እንዲያ ነው የተጻፈው። የእኔ ጉደኛ ፕሮግራም ደግሞ «ዜሮ ቀን የለም» ብሎ መለሳቸው። የሞዓዶኑ ጸሐፊ ጃንዋሪ 1 ብላ ድጋሚ ስትሞክር 20 ሆነው ገቡ። ሌሎቹን የተዘለሉ ቁጥሮችም አየሁ... ሁሉም ዜሮ ዜሮ። የገዛ እናቴ መታወቂያ እንደዚያው ነው እኮ! በጣም አፈርኩ።

«እማማ፣ 19 እርስዎ ነዎት። የልደት ቀንዎን አልቀበልም ብሎ ነው።»

ወደ ባላቸው ዞሩ። «ከኢትዮጵያ ስንመጣ እኔ እውነቱን ብናገር ተመለስኩ! አንተ አፍህ ላይ የመጣውን ቀን ነግረሃቸው በአንዴ ገባህ?»

ፕሮግራሙን እዚያው አስተካከልኩት፤ ከእንግዲህ ዜሮም ይቀበላል። መቀመጫም በቁጥር እንዳልሆነ ከጸሐፊዋ አፍ ሲሰሙ እማማ ካርዳቸውን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። ጉዞውም ተፈቀደ።

ሁሉም ሰላም ሆነ ስል አባባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ...

«እኔ ያገባሁት 19ኛዋን ነው። ይቺ በጃንዋሪ 1 የተወለደችውስ ማን ናት?»

የቁጥሩን ክፍተት እኔ አስረድቻለሁ፤ ይሄኛውን ግን ራሳቸው ይወጡት!