ከጠየቅሽ ትጠየቂያለሽ

ልጄ ስልኩን ዘግታ ወደ እኔ ዞረች። "እማዬ፣ ጠበቃው ሆስፒታል እንዳትሄጂ ብሏል" አለችኝ። ጠበቃ የምትለው የጓደኛዋን ወንድም ነው፤ በስልክ ነው የመከረን። ምክሩ ረጅም ሳይሆን አልቀረም፣ እሷ ግን እንዲገባኝ አሳጠረችው፤ "ከጠየቅሽ ትጠየቂያለሽ።"

ነጠላዬን እያጣፋሁ ነበርና ቀልድ መሰለኝ። ቀልድ አልነበረም። ቤቴ ወድቃ የተሰበረችውን ሴት ሄጄ ብጠይቅ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ እንዳመንኩ ይቆጠርብኛል ማለቱ ነው። ስትወድቅ "እኔን!" ብዬ መጮሄን እንኳ ልጄ ነግራው ኖሮ፣ እሱም ባይባል ጥሩ ነበር ብሏል።

"ታዲያ ምን ልበል? 'እሷን' ልበል?" አልኳት።

ልጄ ሳቋ መጣና መልሳ ዋጠችው። ፈርታ ነበር። ያለን ሀብት ይህ ቤት ብቻ ነው፤ በዚያ ላይ የሴትዮዋ ልጅ "እንተያያለን" ብሎን ሄዷል።

የምንኖረው አቃቂ፣ ከድሮው የባቡር ሐዲድ ወዲህ ነው። ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጡረታ በወጣ ጊዜ ከጓሮ ካለው ዕቃ ቤት በላይ ሁለት ክፍል ሠራ። የብረቱን ደረጃ በሰቃ ሰፈር ያለ ብየዳ ቤት አሠራው። ደረጃው ሲተከል ምንም እንከን አልነበረውም። ኋላ በራችን ላይ ያለው መንገድ ኮብልስቶን ሲነጠፍ ከፍ አለና የክረምቱ ውሃ ወደ እኛ መውረድ ጀመረ። ጎረቤቱ ሁሉ ግቢውን በአፈር ሞላ፤ እኛም ሞላን። መሬቱ ከፍ ሲል የመጨረሻዋ ደረጃ አጠረች። ሌሎቹን እንደወረደ አድርጎ እግሩን የሚሰድ ሰው፣ መሬቱ ሳያስበው ይቀድመዋል። የእኛ እግር ለምዷታል። የልጅ ልጆቼ ሲሮጡባት ይውላሉ፣ እኔም ባልዲ ተሸክሜ እወርድባታለሁ። ከልምድ ብዛት ጉድለት መሆኗን ረስተናታል።

ልጄ ክፍሎቹን አልጋና ፍሪጅ አስገብታ፣ ፎቶ አንስታ ስልክ ላይ ለጠፈቻቸው። በቀን እናከራያለን። ሠርግ የመጣ፣ ለሕክምና የመጣ፣ ዘመዱን ሊያይ መጥቶ የዘመዱ ቤት የጠበበው ያርፍባቸዋል። ለሁሉም ሲገቡ ስለዚያች ደረጃ እናገራለሁ።

ሴትዮዋ የመጣችው ከስልጤ ነው። ዕድሜዋ ከእኔ ቢያንስ በጥቂት ነው። ልጇ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ ክፍል ቤት ይኖራል። ሚስቱ ወንድ ልጅ ወልዳ ተኝታለች፤ የምታርሳት የገዛ እናቷም እዚያው ናት። ለእናቱ የሚሆን ቦታ ሲያጣ እኛ ጋ ክፍል ያዘላት። የመጀመሪያ የልጅ ልጇ ነው። የክፍለ ሀገሩ መኪና አምሽቶ ስለገባ ሕፃኑን ነገ ታየዋለች ተባለና በቀጥታ ወደ እኛ አመጣት።

ልጇ ሻንጣዋን ይዞ ሲወጣ፣ "የመጨረሻዋ ደረጃ አጭር ናት፣ ለእናትህ ንገራት" አልኩት። እናቱ አማርኛ ብዙ እንደማትሰማ ሰላም ስንባባል አውቄያለሁ። እሱ ስልክ እያወራ ነበር፤ ራሱን ነቅንቆ እሺ አለኝ። ሻንጣውን አስቀምጦ፣ ስልኩን ከጆሮው ሳያነሳ ወርዶ ሄደ።

ጠዋት ቧንቧው ጋ ሆኜ ስትወርድ አየኋት። ሰግዳ፣ አዲስ ሻሽ አስራ፣ ለአራሷ ያመጣችውን ቅቤ በዕቃ ይዛ ነበር። ልጇ በር ላይ እየጠበቃት ነው። እኔን ስታይ ፈገግ አለች፤ ያን ጊዜ መሬቱ ቀደማትና እግሯ ታጠፈ። እኔን እኔን እያልኩ ሮጥኩ። ቅቤው ግቢው ላይ ተደፍቷል፤ ቁርጭምጭሚቷ ዓይኔ እያየ ያብጣል። ስለ እግሯ አንድም ቃል አልወጣትም። እጄን ጨብጣ፣ "ልጁን ሳላየው" አለች። ይህችን በአማርኛ ነው ያለቻት፤ እኔ እንድሰማት ይመስለኛል።

እንግዲህ ጠበቃው ቢልም ባይልም፣ ይህን የሰማ ጆሮ ይዤ ቤቴ ልቀመጥ አልችልም ነበር። ሄድኩ።

ሆስፒታል ስደርስ እስከ ጉልበቷ ጄሶ ታስሮላታል። ልጇ ሲያየኝ ፊቱን አጠቆረ።

"ማን ጠራዎት?" አለኝ።

"ሕመምተኛ ለመጠየቅ ጥሪ ይጠበቃል እንዴ?"

"ቤትዎ ነው የሰበራት።"

ተናደድኩ። "ማታ የነገርኩህን ነግረሃታል?" አልኩት። መልስ አልሰጠኝም። እናቱ ከትራሷ ቀና ብላ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን አየች። እኔም ከታመመ ሰው ራስጌ ድምፄን ከፍ በማድረጌ አፈርኩና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

ሊያደርግ ያሰበውን እዚያው ሰማሁ። በማግስቱ መኪና ይዞላት ወደ አገሯ፣ ወደ እህቱ ሊሸኛት ነው። አራተኛ ፎቅ መውጣት አትችልም። አራስም እስከ አርባ ቀኗ ሕፃን ይዛ ከቤት አትወጣም። ጓደኞቹን ሰብስቦ በወንበር ተሸክሞ ሊያወጣት እንዳሰበ ነግሯት ነበር፤ እሷ ግን "በአማቶቼ ፊት እንደ ጆንያ ተጭኜ አልገባም" ብላዋለች። ስለዚህ ሕፃኑን ሳታቅፍ ልትመለስ ነው። እግሩ እስኪድን፣ አዝመራው እስኪሰበሰብ፣ ገንዘብ እስኪገኝ ሲባል መቼ ተመልሳ እንደምትመጣ ማን ያውቃል። በእኛ ዕድሜ "ሌላ ጊዜ" የሚባል ነገር አይታመንም።

ልጇ ከዚያ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሊሄድ ፈልጎ ነበር። መሄድ መብቱ መሆኑን ነግሬ፣ አስቀድሞ ግን የእድራችን ዳኛ ባለበት እንድንነጋገር ለመንኩት። ሻንጣዋም እኛ ቤት ነበርና ከሰዓት በኋላ ይዟት መጣ። ምድር ቤት፣ የራሴ አልጋ ላይ አስተኛናት።

የእድሩ ዳኛ ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛ ናቸው፤ ቀልድ ያበዛሉ፣ ሲፈርዱ ግን አያዳሉም። ልጄ ቀድማ ተናገረች። ደረጃው ስንት ዘመን እንዳገለገለ፣ ማንም ወድቆበት እንደማያውቅ አስረዳች። የሴትዮዋ ልጅ ደግሞ፣ ገንዘብ ተቀብሎ ሰው የሚያሳድር ሰው ቤቱን ጤናማ አድርጎ ማቆየት አለበት አለ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ እኔም በልቤ ለሁለቱም እየፈረድኩ ተቀምጫለሁ።

ዳኛው ወደ ልጁ ዞር ብለው፣ "ስለ ደረጃዋ የነገረህ ሰው ነበር?" አሉት።

ልጁ መሬት መሬት አየ። እኔ አፌን ከፈትኩ። እውነቱ ከእኔ ጋር ነበረች፤ ሰባ ዓመት ሊሞላኝ ምን ቀረኝ፣ እውነት ይዤ ዝም ብዬ አላውቅም።

"ነግሮኛል" አለች እናቱ ከአልጋው። ቃሉን እየፈለገች በዝግታ ነው የምትናገረው። "ልጄ ነግሮኛል። እኔ ነኝ የረሳሁት።"

እንዳልነገራት አውቃለሁ። እሱም ያውቃል። ሆስፒታል ውስጥ የጠየቅሁትንና እሱ ያልመለሰውን ሰምታ፣ እኔ አፌን ስከፍት ምን ሊወጣ እንደሆነ ገብቷታል። የልጇ ስም በሰው ቤት፣ በማያውቀው ሽማግሌ ፊት እንዳይጎድል በእግሯ ስብራት ላይ ጥፋቱንም ለራሷ ጨመረች።

ዳኛው እፎይ አሉ። ልጄም እፎይ አለች። ሴትዮዋ እጇን ዘርግታ፣ ከአላህ ነው፣ በማንም ላይ ቂም የለኝም አለች። ዳኛው ሊመርቁ ተነሡ።

"ይቀመጡ፣ አላለቀም" አልኩ።

"ምን ቀረ? ይቅር ብላሻለች።"

"ይቅርታዋን እግዜር ይስጣት። እኔ ግን የምፈልገው ድርሻዬን ነው። ደረጃዋ የእኔ ናት። ልጇ ቢነግራትም ባይነግራትም፣ የምትወርድባት እሷ ናት፤ እኔ ደግሞ የነገርኩት ሻንጣ ለያዘው ነው። እጇን ይዤ አንዴ ባስረግጣት አማርኛም አያስፈልግ ነበር።"

ዳኛው ተመልሰው ተቀመጡና ራሳቸውን ያዙ። "አንቺ ሴትዮ፣ ነጻ ነሽ ሲሏት እምቢ የምትል ተከሳሽ ዛሬ ገና አየሁ" አሉ። "እሺ፣ ድርሻሽ ምንድን ነው?"

አስቀድሜ አላሰብኩትም ነበር፤ አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ። ሕክምናዋን ከልጇ ጋር እንካፈላለን። እሷ ደግሞ ወደ አገሯ አትሄድም፤ አራሷ አርባዋን ጨርሳ ሕፃኑን ይዛ እስክትመጣ እዚህ፣ በእኔ አልጋ ላይ ትቆያለች፤ የማስታምማት እኔ ነኝ። ልጄ ከጎኔ ልብሴን ሳብ አድርጋ ጠበቃውን አስታወሰችኝ።

"ከጠየቅሽ ትጠየቂያለሽ አይደል ያለው?" አልኳት። "ጠይቄያለሁ። ልጠየቅ።"

ሴትዮዋ ልጇ ሲተረጉምላት ሰማችና ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ካለቀሰች ማልቀሷን አላየሁም፤ ትከሻዋን ብቻ አየሁ።

አብሮ መኖር ግን እንደ መፍረድ አይቀልም። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሁለታችንም ተቸገርን። ሽንት ቤት ልወስዳት ስል ታፍራለች፤ ውሃ ጠምቷት ዝም ትላለች። አንድ ጠዋት አንገቷን ጠምዝዛ፣ ግድግዳ እየገፋች ተቀምጣ ስትሰግድ አገኘኋት። ቂብላዋ ወዴት እንደሆነ ጠየቅኋት፤ በመሃል ከተማው በኩል አመለከተችኝ። ልጄን ጠርቼ አልጋውን አዞርነው። ባለቤቴ ካስቀመጠው ቦታ ተነሥቶ የማያውቅ አልጋ ነው፤ ሥሩ ያለውን አቧራ አይቼ ለሁለተኛ ጊዜ አፈርኩ። ምግቡም እንደዚያው ነው። የእኔ ሥጋ ለእሷ አይሆን፣ የእሷም ለእኔ። አዲስ ድስት ገዝቼ ለብቻዋ አደረግሁላት፤ በቀረው ቀን ምስሩንና ሽሮውን አብረን እንበላለን። የሚያንስባት ጨው ነው፤ በዚያ ተጨቃጭቀናል።

ሕፃኑ ሰባት ቀን ሲሞላው በኮዬው ቤት በግ ታረደ። ስሙን ያወጣችለት እሷ ናት፤ አልጋዬ ላይ ሆና በስልክ። ስልኩን ጆሮው ጋ አድርጉልኝ አለችና ስሙን ደጋግማ ጠራችው። ከሥጋው ድርሻዋ መጣላትና በዚያ አዲስ ድስት ራሷ እያዘዘችኝ ሠራሁላት።

ልጇ በየማታው ከሥራ ሲወጣ ይመጣል። ለእኔ ሰላምታ ይሰጣል፣ ዓይኔን ግን አያይም። አንድ እሑድ አካፋና ሲሚንቶ ይዞ መጣና ከደረጃው ሥር ያለውን አፈር ቆፍሮ ያወርድ ጀመር፤ ውሃ የሚወጣበትንም ቦይ አወጣለት። ፎቶውን ልጄ ከስልክ ላይ ካነሳችው ሰንብቷል፤ ሳይስተካከል አላከራይም ብያት ነበር። ውሃ ይዤለት ሄድኩ።

"አልነገርኳትም" አለኝ አካፋውን ተደግፎ።

"አውቃለሁ።"

"እሷም ታውቃለች። አንድ ቀንም አላነሣችብኝም።" ውሃውን ሳይጠጣ ይዞ ቆየ። "እርስዎስ ያን ቀን ለምን ዝም አሉ?"

"ልናገር ነበር። እናትህ ቀደመችኝ" አልኩት።

ያኔ ዓይኔን አየኝ። ዋሽቼ ጥሩ ሰው ልምሰል ብል አልችልም ነበር፤ ያን ቀን አፌ ላይ የመጣውን ያውቃል። ውሃውን ጨርሶ ወደ ቁፋሮው ተመለሰ። ሲመሽም ሁለታችን ደረጃውን ከላይ እስከ ታች ወርደን የመጨረሻዋን ለካናት፤ በእግራችን ነው የለካናት።

አርባው በሞላ ቀን ሴትዮዋ ከጎሕ ጀምራ አልተቀመጠችም ማለት ይቻላል፤ ተቀምጣ ሳለ እንኳ አልተቀመጠችም። ሻሿን ሦስቴ አሰረችው። ጄሶው ገና አልተፈታም ነበር፤ ወንበር ላይ አስቀምጠን እግሯን ዱካ ላይ ዘረጋንላት። አራሷ ከታክሲ ስትወርድ ዐወቅኋት፤ ቀጭን ልጅ ናት፣ ሕፃኑን በደረቷ አጥብቃ ይዛለች። አማቷን ልትስም ስትጎነበስ ሁለቱም ስለ ሕፃኑ ፈሩና ሳይሳሳሙ ቀሩ። ከዚያ ሕፃኑን አቀበለቻት።

ችግር ነበረ። አንድ እግሯ ተዘርግቶ ስለነበር ጭኗ ሕፃን አያስቀምጥም፤ ወደ ፊት ጎንበስ ስትል ደግሞ ዱካው እየተንሸራተተ እግሯ ሊወርድ ይሆናል። ልጇ ሕፃኑን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ። ክንዷን አጠበቀችበት፤ አልሰጠችውም።

መሬት ላይ ተቀመጥኩና የታሰረውን እግሯን ከዱካው አንሥቼ ጭኔ ላይ አደረግሁት። ተመቻት። ወደ ኋላ ደገፍ ብላ ሕፃኑን ፊቷ ድረስ አነሣችው፤ በቋንቋዋ ብዙ ነገር ነገረችው። እኔ ከዚያ ሆኜ የሚታየኝ የሕፃኑ ተረከዝ ብቻ ነበር። ጄሶው ከባድ ነው፤ ጉልበቴም የድሮው አይደለም። ልጄ ላግዝሽ እማዬ ብላ መጣች። ዝም በይ፣ ይዤዋለሁ አልኳት።