ተፈታኟ ፕሮክተር

ነገሌ ቦረና ዳር ላይ፣ ከጦር ካምፑ ማዶ፣ አንድ የግል አዳሪ መሰናዶ ትምህርት ቤት አለ። የሴቶቹ ማደሪያ ፕሮክተር ሀረገወይን ትባል ነበር፤ ልጆቹ እትዬ ሀረግ ይሏታል። ጠዋት በየክፍሉ እያንኳኳች ትቀሰቅሳለች፣ ሮቶው ውስጥ ያለው ውሃ እንዳያልቅ ትቆጣጠራለች፣ ቤቷ ናፍቋት የምታለቅስ ካለች አጠገቧ ሄዳ ትቀመጣለች።

ሀረገወይን የደንበጫ ልጅ ናት። አስረኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ጨርሳ መሰናዶ ልትገባ ስትል ወልደየሱስ የሚባል ወታደር አገባች። እሱ ወደ ነገሌ ሲዛወር ተከትላው መጣች። "እዚያ ስንደርስ ትቀጥያለሽ" ብሏት ነበር፤ ከልቡ ነው ያለው። ግን ልጅ ተወለደ፣ እሱም ግዳጅ እየወጣ ወራት ይቆይ ጀመር፣ የትምህርቱ ነገር እንደዋዛ ሳይነሳ ቀረ።

በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ጃለኔ የምትባል ልጅ ከአሬሮ በኩል በነፃ የትምህርት ዕድል አስራ አንደኛ ክፍል ገባች። ወላጆቿ ከብት አርቢዎች ናቸው። ሳምንት ሳይሞላት ሀረገወይን ልብሷን በፌስታል ስትከት አገኘቻት።

"ወዴት ነው?"

"አገሬ እገባለሁ። እዚህ ግንቡ ያፍነኛል።"

ሀረገወይን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። "እኔም በአንቺ ዕድሜ ትቼው ሄጃለሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።"

ጃለኔ እጇ ፌስታሉ ላይ እንዳለ ቀና አለች። "ታዲያ አሁን ለምን አይገቡም? ክፍሉ እኮ እዚህ ጎን ነው።"

"እኔ?"

"እርስዎ ከገቡ እኔም አልሄድም።"

ልጅቷ እንዲሁ ለመከራከር ያህል ነበር የተናገረችው። ሀረገወይን ግን ቀኑን ሙሉ ሌላ ሐሳብ አልመጣላትም። በማግስቱ የትምህርት ቤቱን ርዕሰ መምህር፣ አቶ ዓብዱልወሃብን፣ ቢሯቸው ሄዳ አነጋገረቻቸው።

"የአስረኛ ውጤትዎ ያስገባዎታል" አሉ ወረቀቷን እያዩ። "ግን ማደሪያውን ማን ይጠብቃል?"

"ልጆቹ ክፍል ሲገቡ ማደሪያው ባዶ ነው። ባዶ ቤት ከምጠብቅ እነሱን ተከትዬ ብገባ ይሻላል።"

አቶ ዓብዱልወሃብ መነጽራቸውን አወለቁ። "ዩኒፎርም ግን ግዴታ ነው።"

"እለብሳለሁ።"

ጡረታ የወጣው ወልደየሱስ ነገሩን ሲሰማ ጨርቁን ራሱ ገዝቶ ልብስ ሰፊ ጋ ይዟት ሄደ፤ ሰፊው "ለልጃችሁ ነው?" ቢለው "ለባለቤቴ ነው፤ በደንብ ለካት" አለው።

ጃለኔ አልሄደችም። ሁለቱ አንድ ዴስክ ላይ ተቀመጡ።

የመጀመሪያው ሴሚስተር ሀረገወይንን አንገዳገዳት። እንግሊዝኛው ተረስቷት ነበር፤ ሒሳቡማ ጭራሽ እንግዳ ሆነባት። አንድ ቀን መምህሩ ሰሌዳ ላይ አወጣት። የሠራችው ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ስህተት ሆነና ከኋላ የተቀመጡት ወንዶች ሳቁ። ጠመኔውን በቀስታ አስቀምጣ ወጣች። ከሰዓት በኋላ አልተመለሰችም።

በሯ ተንኳኳ። "ካኢ፣ ካኢ! ተነሱ፣ ደወል ተደውሏል!" ጃለኔ ነበረች፤ ሀረገወይን ጠዋት ጠዋት እንደምታደርገው በመዳፏ በሩን እየደበደበች።

"ተይኝ ልጄ። አልገባኝም፣ አይገባኝምም።"

"እኔ ይተዉኝ ብልዎ ይተዉኝ ነበር?"

ሀረገወይን በሩን ከፈተችላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከትምህርት መልስ ሁለቱ ግቢው ውስጥ ካለው ግራር ሥር ይቀመጡ ነበር። ጃለኔ ስታስረዳ አማርኛው ሲያጥራት ወደ ኦሮምኛ ትሻገራለች፤ ሀረገወይንም በገበያ ኦሮምኛዋ እየመለሰች ትከተላታለች። ቀስ በቀስ ሌሎች ልጆች እየተጨመሩ ግራሩ ሥር መቀመጫ ጠፋ። አስራ ሁለተኛ ክፍል ሲደርሱ፣ ያን ጊዜ ከሳቁት አንዱ "እትዬ ሀረግ፣ ይችን ያሳዩኝ" ብሎ ደብተሩን ይዞ መጣ። አሳየችው።

የማጠቃለያው ፈተና የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነበር። ከአውቶቡስ ወርደው በር ላይ ሲሰለፉ ጥበቃው ሀረገወይንን በእጁ ከለከላት።

"እናት፣ ወላጅ ከዚህ አያልፍም።"

አድሚሽን ካርዷን ሰጠችው። ፎቶውን አየ፣ ፊቷን አየ፣ መልሶ ፎቶውን አየ። ከዚያ ወደ ጎን ቆመላት። "ይግቡ እህቴ። ይቅናዎት።"

ውጤቱ በተለቀቀ ቀን ኔትወርኩ ሰውን አሰቃየ። ጃለኔ ከአሬሮ ገና ማለዳ ነገሌ ገብታ ነበር። የራሷን ስታይ ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ወጥታለች። ስልኩን ሳታስቀምጥ የሀረገወይንን ቁጥር አስገባች፤ ገጹ ዞሮ ዞሮ ተከፈተ። ጃለኔ አንብባ ስልኩን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ሀረገወይን ክንዷን ያዘቻት።

"ንገሪኝ። ወደቅሁ?"

"አልፈዋል" አለች ጃለኔ ድምፅዋ እየተቆራረጠ። "ሒሳቡንም ጭምር አልፈዋል።"

ወልደየሱስ አጠገባቸው ቆሞ ነበር። ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ያዘና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሀረገወይን ትከሻውን ይዛ ወደ ራሷ መለሰችው። እንባውን አየች፤ እሷ ግን ትስቅ ነበር።

ጃለኔ ሕክምና፣ ሀረገወይን ጂኦግራፊ ደረሳቸው። ሀረገወይን ወደ ዩኒቨርሲቲ በሄደችበት ጠዋት ወልደየሱስ ፍራሿን ባጃጅ ጣሪያ ላይ አስሮ እሱም አጠገቧ ተቀመጠ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ አቶ ዓብዱልወሃብና ተማሪዎቹ በሙሉ ወጥተው እያጨበጨቡ ጠበቋት። ባጃጁ ሊቆም ፍጥነቱን ሲቀንስ፣ ሀረገወይን እስኪቆም ሳትጠብቅ ወደ እነሱ ወረደች።