ጥቁሩ ጨርቅ

የእናቱ ማድ ቤት የጎመጠጠ ሽታ፣ ኦጊሶ ስድሳ አራት ዓመት ሞልቶትም፣ ከአፍንጫው አልጠፋም። እናቱ በየማለዳው ክንዷን እስከ ክርኗ ድረስ በበርሜል በተብላላ የሩዝ ፉርሽካ ውስጥ ነክራ፣ የተቀበረውን ኪያር ታገላብጥ ነበር። «ዛሬስ ኮምጣጣነቱ በርትቷል» ትላለች፣ በጣቷ ብቻ ዐውቃ።

ልጇ ጣት የሚያውቀውን ዐይን እንዲያየው ሲል ዕድሜውን ፈጀ። በጃፓን ቶዮሃሺ ከተማ ባለ ቤተ ሙከራ የሚነድፋት ቺፕ እንደ ካሜራ ናት፤ ሌንስ ግን የላትም። ፈሳሽ ሲያርፍባት እያንዳንዷ ነጥብ በላይዋ ያለውን አሲድ ትለካለች፤ ነጥቦቹ ተገጣጥመው ሥዕል ይሆናሉ። ጠላቷ ብርሃን ነው፤ ያሳስታታል። ስለዚህ ሣጥኗ በጥቁር ጨርቅ ይሸፈናል። ይህን ደንብ ያወጣው ራሱ ኦጊሶ ነው።

በመጋቢት ጡረታ ይወጣል። ሚስት አላገባም። የእናቱን በርሜል ዛሬም ያገላብጣል፤ ከምሳ ዕቃው ኪያር የሚያካፍላት ግን ዘጠኝ ዓመት አብራው የሠራችውን ሂቢኖን ብቻ ነው። «ይሄ እንኳን ጥርስ ቺፕም ይበላል!» እያለች ትጨርስለታለች።

ባለፈው ሳምንት ከአይጥ አንጎል ቁራጭ ላይ አሲድ እንደ ማዕበል ሲጓዝ የሚያሳይ ሥዕል አገኘ። ነገ በጉባኤ ይቀርባል። ጡረታ ሲወጣ ከስሙ ጋር የሚቀርለት ይህ ሥዕል ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሂቢኖ ወንበሯን አስጠጋች።

«ኦጊሶ ሳን፣ ማዕበሉ የሚመጣው በመስኮቱ በኩል ነው።»

«ታዲያ በበር ይምጣልሽ?»

«አልቀለድኩም። ትናንት ሥዕሉ በተነሣበት ሰዓት፣ ያለ አንጎሉ፣ ባዶ ውሃ አድርጌ ጨርቁን ገለጥኩት። በመስኮቱ ብርሃን ብቻ ያው ማዕበል መጣ። ሥዕሉን ባነሡ ቀን ሸፍነውት ነበር?»

ትዝ አለው። ያን ቀን ብርድ ይዞት ጨርቁን ጉልበቱ ላይ ጣል አድርጎት ነበር።

«ሸፍኜዋለሁ» አለ።

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ‹ጨርቁን! ጨርቁን!› እያሉ ሲጮኹብኝ የኖሩት እርስዎ ነዎት እኮ።»

ኦጊሶ የምሳ ዕቃውን ክዳን ገጠመ።

«እንግዲያው ነገ ይቅረብ?»

«ይቅረብ።»

ሂቢኖ ተነሥታ ካፖርቷን ለበሰች። በዚያ ክፍል ቀድሞ የሚወጣ ሰው «ቀድሜዎት በመሄዴ ይቅርታ» ሳይል አይወጣም፤ እሷ ትኩሳት ይዟት እንኳ አስቀርታው አታውቅም። ኦጊሶ «ደክመሻል፣ በርቺ» የሚለውን መልስ አፉ ላይ ይዞ ጠበቀ። ያካፈላት ኪያር ሳይነካ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጧል። ሂቢኖ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው፤ እርምጃዋም በኮሪደሩ ራቀ።