የቦልደሯ ፀጉር ሠሪና የዩራኒየሙ አክሲዮን

ኔቬንካ ራዲች ሰው ፀጉሩን ሲሠራ ሆዱንም እንደሚከፍት ታውቃለች፤ የራሷን ሆድ ግን ለማንም አትከፍትም ነበር። እዚህ ቦልደር፣ ከወርቅ ማውጫው ትልቅ ጉድጓድ ብዙም ሳይርቅ፣ ትንሽ ሳሎን አላት። የከተማው ሴት ግማሹ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ባሉን አምቷል፤ እኔም አምቻለሁ። የእሷን ጭንቀት ያወቅኩት ግን እሷ ነግራኝ ሳይሆን የእኔ ፀጉር በእጇ ተበላሽቶ ነው።

አባቷ ከክሮሺያ መጥቶ በወርቅ ጉድጓድ ውስጥ ዕድሜውን የፈጀ ሰው ነበር። የሠራተኞች ፓርቲን እንደ ሃይማኖት ነው የያዘው። ኔቭም (ሁላችንም ኔቭ ነው የምንላት) ከልጅነቷ ጀምሮ በየምርጫው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማ የፓርቲውን ወረቀት ስታድል አድጋለች። ያገባችው ሜርቭም ያው ነው፤ የሠራተኛ ማኅበር ሰው፣ የቁፋሮ ማሽን ኦፕሬተር። በሰሜኑ በረሃ ያልቆፈረው ሜዳ የለም። አንድ ቀን የብረት ዘንግ ወገቡን መታውና ከሥራ ወጣ። የጉዳት ካሳ ተከፈለው። ችግሩም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሜርቭ ከመጎዳቱ በፊት ካራንጋ በሚባል የደረቀ የጨው ሐይቅ ዳር ለአንድ ትንሽ ኩባንያ ቆፍሮ ነበር። ከጉድጓዱ የወጣው አፈር እንደ እርድ ቢጫ ነበር ይላል። ዩራኒየም ነው። ያንን ቢጫ ካየ ጀምሮ ልቡ እዚያው ቀረ። ካሳውን ሲቀበል የኩባንያውን አክሲዮን እንግዛ አለ፤ ኔቭ ሳሎኗን ልታሰፋበት ያስቀመጠችውን ገንዘብም ጨምራ።

«ሌላው ሰው ወረቀት አንብቦ ነው የሚገዛው» አላት። «እኔ ግን ጉድጓዱን የቆፈርኩት ራሴ ነኝ፣ ኔቭ። ምን እንዳለበት አውቃለሁ።»

«ጉድጓዱን እንጂ ፓርላማውን አልቆፈርክም» አለችው።

ቢሆንም እሺ አለች። ወገቡ ከተሰበረ ወዲህ ባሏ ሲስቅ ያየችው ያን ሰሞን ነበር። አክሲዮኑን ግማሹን በእሱ፣ ግማሹን በእሷ ስም ገዙ።

ወርቅ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። ወርቅ ያገኘ ሰው ያወጣል፣ ይሸጣል፣ ይጠጣል። ዩራኒየም ግን ሌላ ነው፤ ፐርዝ ያለው የክልሉ መንግሥት ቢፈቅድም ካንቤራ ያለው የፌዴራሉ መንግሥት የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትር ካልፈረመ አካፋ አይነሳም። የክልሉ ፈቃድ መጣ። የቀረው የካንቤራው ፊርማ ብቻ ሆነ። «በዚህ ወር ይፈረማል» የሚል ወሬ ተነዛ፣ አክሲዮኑም ሽቅብ ወጣ። ሜርቭ ከመኪና ኋላ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤት ያማርጥ ጀመር። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄኔ ነው።

በዚያው ሳምንት ካንቤራ ውስጥ የገዛ ፓርቲያቸው ሰዎች ጠቅላይ ሚኒስትሩን ሊያወርዱ ተነሱ።

እኔ ፀጉሬን ቀለም ተቀብቼ ወንበሩ ላይ ነበርኩ። አጠገቤ አክስት ደልሲ ተራዋን ትጠብቃለች። አክስት ደልሲ የካራንጋ አገር ሰው ናት፤ ዘር ማንዘሯ ያን የጨው ሐይቅ ሲጠብቅ የኖረ፣ ከአገሩ ነባር ሕዝብ የሆነች ጥቁር አሮጊት። ከልጅ እስከ አዋቂ አክስት ብሎ ነው የሚጠራት፤ አንቺ የምንላት እንኳ በዕድሜ የምንቀራረባት ጥቂቶች ነን። ማዕድን ማውጫው እንዳይከፈት ከሌሎች ሴቶች ጋር ስትከራከር ዓመታት አልፈዋል። ቴሌቪዥኑ በርቷል፤ ጋዜጠኞቹ በፓርላማው ኮሪደር ይሯሯጣሉ።

«እነዚህ ሰዎች ጠቅላይ ሚኒስትርን እንደ ካልሲ ነው የሚቀያይሩት» አለች ደልሲ።

«ኧረ ካልሲስ እስኪሸት ይቆያል» አልኳት።

ሁለታችንም በሳቅ ፈረስን። ኔቭ አልሳቀችም። የቀለሙን ብሩሽ እንደያዘች ቴሌቪዥኑ ፊት ተገትራለች። የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትሩ ከሌሎች ሁለት ጋር ወጥቶ ማይክሮፎን ፊት ቆመና ሥልጣኔን ለቅቄአለሁ አለ። ኔቭ ፊቷ አመድ መሰለ።

«ኔቭ» አልኩ ትንሽ ቆይቼ፣ «ጭንቅላቴን አቃጠለኝ።»

አልሰማችኝም።

«አንቺ! ተቃጠልኩ እኮ!»

ደንግጣ ወደ ማጠቢያው ጎተተችኝ፤ ግን ጊዜው አልፏል። ፀጉሬ ዱባ መሰለ። ባለቤቴ ያን ሰሞን ሁሉ «የትራፊክ መብራት» እያለ ሲጠራኝ ከረመ። ኔቭ ይቅርታ እየጠየቀች ስታለቅስ፣ ለፀጉር ይህን ያህል ለቅሶ ምን አመጣው ብዬ ተገረምኩ።

በሩ ተበረገደና ሜርቭ እያነከሰ ገባ። «ሰማሽ? ሰውየው ለቀቀ! የሚተካው ሰውዬ ደግሞ ፋይሉን ከሀ ጀምሮ ነው አሉ የሚያነበው…» ካለ በኋላ አክስት ደልሲን አያትና አፉን ዘጋ። ደልሲ መጽሔቷን ገለጠች።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ለሁለቱም መከራ ነበር። አክሲዮኑ በአንድ ሳምንት ውስጥ ዋጋው በግማሽ ወረደ። አዲሱ ሚኒስትር አጠናለሁ አለ። ተቃዋሚው ፓርቲ፣ ያ የኔቭ አባት ፓርቲ፣ ብመረጥ አዲስ የዩራኒየም ማውጫ አልፈቅድም አለ። አንድ የምክር ቤት አባል አስነጠሰ በተባለ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል፤ ሌላው ፈገግ ካለ ይወጣል። ከእግር ኳስ በስተቀር ቴሌቪዥን አይቶ የማያውቀው ሜርቭ የፓርላማ ክርክር ሱሰኛ ሆነ። የሚኒስትሮቹን ስም እንደ ተጫዋች ስም ይዘረዝራል፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ ያውቃል። ጨጓራው ይነድ ጀመር፤ ከገንፎ ሌላ የማይበላ ሰው ሆነ። ኔቭ ደግሞ በደንበኛና በደንበኛ መካከል ስልኳን ሳታይ አታልፍም። አንድ ቀን የሰው ጆሮ እቆርጣለሁ ብላ ፈርታ፣ የራሷን ጣት ቆረጠች።

አንድ ጠዋት አክስት ደልሲ ገባች። እኔ ማድረቂያው ሥር ነበርኩ፤ የተባለውን ሁሉ ሰምቻለሁ።

«ዛሬ ቆንጆ አድርጊኝ፣ ልጄ» አለች። «ነገ ካንቤራ ልንሄድ ነው። አዲሱ ሚኒስትር ሊያነጋግረን እሺ ብሏል። ፊቱ ቆሜ፣ እናቴ ያደገችበትን መሬት አትንካብኝ ልለው ነው።»

ኔቭ ማበጠሪያውን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠችው።

«አክስቴ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ። እኔና ሜርቭ… የዚያ ኩባንያ አክሲዮን አለን። ያለን ሁሉ እዚያ ነው ያለው።»

ደልሲ በመስታወቱ ውስጥ አየቻት። «አውቃለሁ።»

«ያውቃሉ?»

«ባልሽ መጠጥ ቤት ገብቶ ለሰው ሁሉ ሲያወራ የከረመውን እኔ ሳልሰማ ልቀር ነው? ቢራውን የሚቀዳለት እኮ የእህቴ ልጅ ነው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«አንቺስ ለምን ዝም አልሽኝ?»

ደልሲ ፎጣውን አንገቷ ላይ ራሷ አስተካከለች።

«እኔ የምከራከረው ከኩባንያው ጋር ነው። አንቺ ግን ልጄ የሞተችብኝ ጊዜ መጥተሽ ፀጉሬን ያጠብሽልኝ ነሽ። ደግሞ አንቺ ብቻ የምትጨነቂ እንዳይመስልሽ፤ እኔም ያ ሰውዬ ምን ይፈርም ይሆን እያልኩ እህል አይበላልኝም። በይ አሁን፣ ከኋላ አሳጥሪው። ግን ብዙ አትቁረጪ።»

ኔቭ ያን ቀን የሠራችው ፀጉር በዕድሜዋ ከሠራችው ሁሉ ይበልጥ ነበር ብል አላጋነንኩም። ሒሳብም አልተቀበለችም። ደልሲ ከወጣች በኋላ ግን ማጠቢያው ላይ ተደግፋ፣ «በገዛ እጄ አስጊጬ ጥፋቴን ልታስወስን ላክኳት» አለችኝ። ልትስቅ ፈልጋ ነበር፤ ሳቁ አልመጣላትም።

ሚኒስትሩ ሴቶቹን ሰማ፣ ሻይ ጋበዘ፣ አስብበታለሁ አለ። ብሔራዊ ምርጫው ሊጠራ ጥቂት ሲቀረው ግን ፈረመ። እኛ የሰማነው በሬዲዮ ነው። ደልሲ ያን ሳምንት ሳሎን አልመጣችም።

አክሲዮኑ ተተኮሰ። ሜርቭ ወገቡን ረስቶ ጓሮው ውስጥ ዘለለ ይባላል። ኔቭ ግን ፊርማውን አላመነችውም።

«እንሽጥ፣ ሜርቭ። ያወጣነውን ያህል ይመልስልናል።»

«አሁን? ገና አሁን ሊጀመር?»

«እንዲህ በችኮላ የተፈረመውን የሚቀጥለው ሰውዬ ይፍቀዋል። ለአንዴ እንኳ ተረጋግቼ ልብላ።»

«ፈሪ! አባትሽ ቢሆን…»

«አባቴ ቢሆን መጀመሪያም አይገዛም ነበር። ግማሹ በእኔ ስም ነው። የእኔን ልሸጥ ነው፤ ተደብቄ አላደርገውም፣ ፊትህ ቆሜ እየነገርኩህ ነው።»

በማግስቱ ሸጠች። ሜርቭ አኮረፈ። ምሳውን ይዞ ጓሮ ወዳለችው የመሣሪያ ቤቱ እየገባ ብቻውን ይበላ ጀመር። ኔቭ ለእኔ «ባሌን ሸጬ ገንዘቤን አተረፍኩ መሰለኝ» አለችኝ። አክሲዮኑ ደግሞ እሷ ከሸጠች በኋላም ጥቂት ወጣ፤ ሜርቭ በየጠዋቱ ዋጋውን ጮክ ብሎ ያነብላታል።

የምርጫው ቀን ደረሰ። ሁላችንም ትምህርት ቤቱ ግቢ ተሰለፍን፤ የወላጆች ኮሚቴ እንደ ልማዱ ቋሊማ እየጠበሰ በዳቦ ይሸጣል። ኔቭ ያን ዓመት የፓርቲውን ወረቀት አላደለችም። አሞኛል ብላ ከማደሉ ቀረች እንጂ አልታመመችም። ለመምረጥ ግን ከሜርቭ ጋር አንድ መኪና ውስጥ መጡ፣ ሳይነጋገሩ ገቡ። እሷ ጨርሳ ወጣች። እሱ አልወጣም።

በካርቶን ከተከለለችው ጠረጴዛ ፊት እርሳሱን ይዞ ተገትሯል። ከኋላው ያለው ሰልፍ አጉረመረመ። አንዷ አስመራጭ ጠጋ ብላ «ጌታዬ፣ እርሳሱ አልጽፍ አለዎት?» ብላ ጠየቀችው። በመጨረሻ ወረቀቱን አጥፎ ሳጥኑ ውስጥ ከተተና ወጣ። ፊቱ በላብ ርሷል።

ኔቭ ልትደግፈው ሄደች። «ማንን መረጥክ?»

«ማንንም።»

«እንዴት ማንንም?»

«በዕጩዎቹ ስም አጠገብ ቁጥሩን ልጽፍ ስል እጄ እንቢ አለ። ለእኛ ፓርቲ ብጽፍ አክሲዮኔን በገዛ እጄ መቅበሬ ነው። ለእነዚያ ብጽፍ ደግሞ አባትሽን፣ ማኅበሩን፣ ያሳከመኝን ሁሉ መካዴ ነው። ባዶውን ከተትኩት፣ ኔቭ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ።»

እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አለና አቀረቀረ። እሷም አጠገቡ ተቀመጠች። ቋሊማ በሽንኩርት ገዛሁላቸው፤ ለጨጓራው እንደማይሆን ባውቅም በላው።

አስገራሚው ነገር ምርጫውን ያሸነፈው ማዕድኑን የሚደግፈው ወገን መሆኑ ነው። ሜርቭ «አላልኩሽም?» ለማለት እንኳ አልደፈረም። ደግ አደረገ። ማውጫውን ለመገንባት የውጭ አበዳሪዎች ገንዘብ ያስፈልግ ነበር፤ እነሱ ደግሞ ያን ሁሉ ዓመት ቆመው ሲያዩ ነው የከረሙት። አንዱ ያጸደቀውን ሌላው እሰርዛለሁ በሚልበት አገር ገንዘባችንን አናፈስም አሉ። በዚያ ላይ ፐርዝ ውስጥ ሥልጣን የያዘው አዲስ የክልል መንግሥት ከቀደመው የወረሰውን ፈቃድ በቀነ ገደብ አሰረው፤ እስከዚያ ሥራ ካልተጀመረ ፈቃዱ ይወድቃል። ኩባንያው አበዳሪ ፍለጋ አገር ላገር ሲዞር ቀነ ገደቡ አለፈ። ካራንጋ ላይ አንድ ጡብ አልተቀመጠም። የሜርቭ አክሲዮን ከስሞ ከስሞ በመጨረሻ ከገበያ ወጣ።

ይሞትብናል ብለን ፈርተን ነበር። እሱ ግን ነገሩ ካለቀ በኋላ መብላት ጀመረ። «የገደለኝ መጥፋቱ አይደለም፤ ይፈረም ይሆን አይፈረም ይሆን ነው» ይል ነበር። የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ውስጥ ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ አገኘ፤ ምሳውንም ከኔቭ ጋር ይበላል። አክስት ደልሲ ሳሎን ስትመጣ ካገኛት ኮፍያውን ያወልቅላታል፤ እሷም «ወገብህስ?» ትለዋለች። ስለ ሐይቁ አይነጋገሩም።

አሁን ደግሞ ሌላ ምርጫ እየመጣ ነው። የዩራኒየም ዋጋ በዓለም ገበያ ጨምሯል፣ ካራንጋንም አዲስ ኩባንያ ገዝቶታል። ባለፈው ቅዳሜ ኔቭ ቤት ሻይ ስንጠጣ የሜርቭ ስልክ ጮኸ። ወደ በረንዳው ወጥቶ ብዙ ቆየ። በመስኮቱ እናየዋለን፤ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል፣ በእጁ አየር ላይ ጉድጓድ ይቆፍራል።

ሲገባ ኔቭ ኩባያዋን አስቀምጣ ቆማ ጠበቀችው።

«ማን ነው?»

«አንድ ሰውዬ ነው። ድሮ ካራንጋ ላይ የቆፈርኩትን ቦታ ሊጠይቀኝ።»

«ሜርቭ!»

«ዝም ብዬ እኮ ነው የሰማሁት፣ ኔቭ። መስማት ምን አለበት?»

ኔቭ ወደ እኔ ዞር ስትል ፊቷ ፀጉሬን እንዳበላሸችበት ቀን አመድ መስሎ ነበር።