የአባቴ ቤት ክፍክፍ

ቤቴን ለተማሪ ማደሪያ መውሰዳቸውን አይደለም በደል የምለው። ከገነተ ማርያም ወዲያ በእግሩ መጥቶ የሚማር ልጅ የሚያድርበት ያስፈልገዋል። በደል የምለው ክፍክፉን ቆርጠው ቤቱን ለዝናብ መስጠታቸውን ነው። ይህ ተጽፎ እንዲቀመጥ እፈልጋለሁ።

ቤቱ ክብ፣ ባለ ደርብ ነበር። አባቴ ጎረቤቱን በደቦ ጠርቶ በላሊበላ ቀይ ድንጋይ ሠራው። ታች ከብቶቹ፣ ላይ እኛ። ድንጋዩን ያያያዘው ሲሚንቶ ሳይሆን በጭድ የተቦካ ጭቃ ነው። ጭቃ ደግሞ ውሃ ካልነካው ዕድሜው ከሰው ይበልጣል። የሣር ክዳኑ ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል አልፎ የሚወርደው ለዚህ ነው። ያን ጫፍ ነው ክፍክፍ የምንለው። ክረምት ሲመጣ ውሃው ከግድግዳው ርቆ ይንጠባጠባል።

በደርግ ጊዜ ትርፍ ቤት ነው ተብሎ ተወረሰ፤ እኔ ጓሮ ካለችው ማድቤት ገባሁ። ተደራራቢ አልጋ አስገቡ፣ የከብቶቹን ቦታ በጣውላ ከፈሉት። ይሁን አልኩ። ግንቦት ላይ ግን የመንግሥት ማደሪያ ሣር አይለብስም የሚል ትእዛዝ ከአውራጃ መጣና ክዳኑ ወረደ። የተላከው ቆርቆሮ ለአራት ማዕዘን ቤት የታሰበ ነበር፤ ለክቡ ቤት ሲቆራረጥ አነሰ። ልክ ግድግዳው ጫፍ ላይ ሲደርስ አለቀ።

የቀበሌው ሊቀመንበር በጀርባዬ ያዘልኩት የጎረቤት ልጅ ነው። ሄድኩና፣

“አንተ፣ ያንተ ካፖርት ጉልበትህን አልፎ ይወርዳል፤ ቤቴን ግን እምብርቱን የማይሸፍን እጀ ጠባብ አለበስከው!” አልኩት።

ደጅ የቆሙት ተማሪዎች ሳቁ። እሱም ሳቀ።

“እትዬ፣ እኔም ሣር ቤት ነው ያደግኩት። አውቃለሁ። ያለን ቆርቆሮ ግን ይኸው ነው።”

“እንግዲያው ከሥሩ ዙሪያውን ሣር ልስቀልበት፣ በራሴ ጉልበት።”

“ሣር ተከልክሏል። አውራጃን ልጠይቅልዎ።”

ማወቁ ነው ያቃጠለኝ። ባያውቅ አስረዳው ነበር።

ሐምሌ ገባ፤ ተማሪዎቹ ለክረምት ወደየቤታቸው ሄዱ። ዝናቡ ከአሸተን ማርያም በኩል ሲመጣ ማድቤቴ ደጃፍ ቆሜ አያለሁ። ውሃው ከቆርቆሮው ተንደርድሮ በግድግዳው ይወርዳል፤ ጭቃውን አጥቦ ከሥር ቀይ ሆኖ ይወጣል። የምተኛበትን ቁርበት አውጥቼ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩ። የማደሪያው ጥበቃ “የመንግሥት ንብረት ላይ ቁርበት ምን ይሠራል?” ብሎ አወረደው። በየጠዋቱ ቀበሌ እሄዳለሁ። “ሊቀመንበሩ ስብሰባ ላይ ናቸው” ይሉኛል። ተመልሼ እቆማለሁ። ግድግዳው እንደ ነፍሰ ጡር ሆዱን ገፋ፤ እጄን ስጭንበት ድንጋዩ ይንቀሳቀሳል።

ነሐሴ ላይ አንድ ማለዳ ተናደ። ማንም ውስጥ አልነበረም፤ ለዚያ አምላኬን አመሰገንኩ። ያን ቀን ሊቀመንበሩ ስብሰባ አልነበረበትም። ካፖርቱን ለብሶ መጣና ፍርስራሹ አጠገብ ቆመ። ፊቴን አላየም።

“የአውራጃው መልስስ?” አልኩት።

“መጥቷል፣ እትዬ፤ አሁን በስልክ። ስለ ክዳኑ ያቀረቡት አቤቱታ፣ ቤቱ ስለሌለ ተዘግቷል። ድንጋዩን ግን እንዳይነኩብን፤ ለአዲሱ ማደሪያ መሠረት ይፈለጋል።”